የሐሙስ እንጉዳይ

ገበያነሽ በበትሯ ጫፍ እርጥቡን የጽድ ርጋፊ ቀስ አድርጋ ገለጠች። ከሥሩ አፈር ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ብላ ደግሞ ገለጠች።

ታናሽ እህቷ ሀኒ ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በጠጠር እየፋቀች ታወራለች። ከደሴ፣ ከሆጤ ስትመጣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የነበሩት ሰውዬ ዶሮ ታቅፈው ነበር፤ ዶሮዋ እስከ ቦሩ ሜዳ ድረስ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገበያነሽ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

«እትዬ፣ ልታርሺው ነው እንዴ?»

ቦታው ይኸው ነው። ትልቁ ጽድ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ግንዱ በስብሶ በዙሪያው ያለው አፈር ጠቁሯል። እናታቸው ከመሞቷ በፊት ለሁለቱ ብቻ ነው ያሳየቻቸው። ማክሰኞ ገበያነሽ ብቻዋን መጥታ አይታው ነበር። እንጉዳዮቹ ገና አዝራር ያክላሉ፤ ሃያ ይሆናሉ፣ ሠላሳ። ሐሙስ ለመቁረጥ ይደርሱ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን ሀኒ ደውላ፣ ጉንፋን ጥሏት ከአልጋ መውረድ እንዳቃታት ነገረቻት። ገበያነሽም ይቆዩናል ብላ እጇን ሰበሰበች። የፍልሰታ የመጀመሪያው እንጉዳይ ያለ እህቷ ተቆርጦ አያውቅም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ አንድም የለም።

«ቀድመውናል በቃ» አለች ሀኒ። «እረኞች ናቸው።»

ገበያነሽ በትሯን ጥላ ተንበረከከችና ርጋፊውን በእጇ ገለጠች። የእንጉዳዩ እግር እዚያው ነበር፤ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ተቆርጧል። በላዩ አንድ ዘለላ ለጋ ጽድ፣ በጽዱ ላይ ደግሞ በጣት የተፈረፈረ አፈር። የሚቀጥለውም እንዲሁ። እረኛ ይነቅላል፤ እንጨት ለቃሚ ረግጦ ያልፋል። ቆርጦ እንዲህ አልብሶ የሚሄደው እናታቸው ያስተማረችው እጅ ብቻ ነው። ሰባት ገልጣ አየች። አንዱም ሳይለብስ አልቀረም፤ ሌብነት ሆኖ እንኳ ሥራው ያምር ነበር።

«ሐሙስ የመጣሽው በየት በኩል ነው?» አለች ቀና ሳትል።

ጭቃ የሚፍቀው እጅ ቆመ።

«ምኑን?»

«በደጄ ነው ወይስ በወንዙ?»

ሀኒ ጠጠሯን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «በወንዙ» አለች።

የወንዙ መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ በነሐሴ ጎረምሳም ይፈራዋል። በገበያነሽ ደጅ በኩል ቢመጡ ግን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ገበያነሽ ለታመመች እህቷ ማር በጠርሙስ ሞልታ፣ ካርቶን ውስጥ አድርጋ፣ ወደ ደሴ ለሚወርድ ሚኒባስ ረዳት አደራ ስትሰጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሀኒ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ተናገረች። የባሏ የምንይሉ አለቃ ከነሚስቱ አርብ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ሊመጣ ነበር። ሁለቱም አጥባቂ ጾመኞች ናቸው፤ ሽሮ ማቅረብ አሳፈራት። እንጉዳዩን ሲቀምሱ ግን ሴትዮዋ አሠራሩን ሳይቀር ጠየቀቻት።

«ታዲያ እኔ እከለክልሽ ነበር?»

«አትከለክይኝም፣ እትዬ። እሱ አይደለም።» ሀኒ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተከለች። «ልሥራልሽ ብለሽ አብረሽኝ ትወርጃለሽ ብዬ ነው።»

ወዲያው ደግሞ ቤቱ ጠባብ እንደሆነ፣ ወንበሩም ለእንግዳ እንደማይበቃ ጨመረች። ወንበሮቹን ለሠርጓ የገዛችላት ገበያነሽ ናት፤ ስድስት ናቸው። ገበያነሽ የራሷን ነጠላ ጥለት አየች፤ አንዱ ጫፉ በእሾህ ተተርትሯል። ለሀገሯ ሰው እንዲህ ያለ ነጠላ ነውር አልነበረም።

ከግንዱ ሆድ ሥር፣ እጅ በግድ በሚገባበት፣ አንድ እንጉዳይ ተሸሽጎ ቀርቶ ነበር። ሀኒ ሳታየው ቀርታ ይሆናል፤ ወይም ከሐሙስ ወዲህ የበቀለ ይሆናል። ገበያነሽ ቢላዋዋን አስገብታ ሰያፍ ቆረጠችው። የቀረውን እግር ጽድ አለበሰችና አፈር ፈረፈረችበት። ከእንጉዳዩ ጥላ ላይ ያለውን ቆሻሻ በአውራ ጣቷ ጠርጋ፣ እፍ ብላ፣ ደግሞ ጠረገችው። ከቤት ይዛ የመጣችውን የኮባ ቅጠል በልኩ ቀድዳ ጠቀለለችው፤ ጫፉንም እንዳይፈታ ወደ ውስጥ አጠፈች።

ሀኒ ተነስታ ለመቀበል ሁለት እጇን ዘረጋች።

ገበያነሽ ጥቅሉን በመካከላቸው ከነበረው ግንድ ላይ አስቀመጠችው።