የጃርቶ የመጨረሻ ዘፈን

«ዘፈኑን እንደ ወትሮው ትዘፍኚና እጅሽን ታወርጃለሽ፤ አለቀ» ይለኛል ዳይሬክተሩ፣ ጆሮዬ ላይ በተሰካችው ማዳመጫ። እሱ መስታወቱ ጀርባ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ተመቻችቶ ተቀምጧል። እኔ ጠረጴዛ ሥር ተኮራምቼ ቀኝ እጄን ወደ ላይ ሰቅያለሁ። እጄ ላይ ጃርቶ አለ፤ ከካልሲና ከክር የተሠራ ጃርት፣ ድምፁ የኔ።

ቀጥታ ስርጭት ላይ ነን፤ ለልጆች ፕሮግራማችን ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ከነገ ጀምሮ በኛ ሰዓት አንዲት ዘናጭ ስለ ፀጉር ቅባት ታወራለች። ልጆቹ ግን አያውቁም። «እንንገራቸው እንጂ» ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስጨቀጭቀው ከርሜያለሁ። «ስርጭት ላይ እንዲያለቅሱብኝ ነው? ልጆች አይደሉ እንዴ፣ በሁለት ቀን ይረሱታል» አለኝ። ይረሱታል! ልጅ የሚባል ነገር ከማስታወቂያ ውጭ አይቶ የሚያውቅ ይመስል!

በዚያ ላይ የዘፈኑ ነገር አለ። ጃርቶ «ልሂድ ልተኛ፣ ነገ እንገናኝ እኛ» ብሎ ሲጨርስ፣ ከጎረቤት መዋለ ሕፃናት የሚመጡልን ልጆች ይሰለፋሉ። በየተራ አፍንጫውን ይነኩና «ነገ?» ይሉታል። «ነገ!» ይላቸዋል። አንዴ ዋሽቼ ብገላገል ባልከፋ፤ እኔ ግን እያንዳንዳቸውን በየተራ ልዋሽ ነው። ይሄን ያሰበ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ፒያኖው ይጀምራል። እዘፍናለሁ። እግሬ ሥር ባለችው ትንሽ ስክሪን ልጆቹ ሲሰለፉ አያለሁ። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ እየተጋፋች አንደኛ ትሆናለች።

«ነገ?»

ጣቷን ከጃርቶ አፍንጫ ላይ አታነሳም።

«ነገ በያት!» ትላለች ማዳመጫዋ። «ምን ትጠብቂያለሽ? በያት እንጂ!»

ማዳመጫዋን ነቅዬ ብወረውራት ደስ ባለኝ፤ ግን አንዱ እጄ ጃርቶ ውስጥ ነው፣ ሌላው የዛለውን ክርኔን ደግፏል።

«ነገ አልመጣም» ይላል ጃርቶ።

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም አልመጣም፣ የኔ ቆንጆ። ዛሬ መሰነባበታችን ነው።»

«ሴትዮ፣ አበድሽ?» ጆሮዬ ሊበጠስ ነው። «ካሜራውን ከጃርቱ ላይ አንሱ! አንሱ አልኩ!»

ካሜራማኑ ንቅንቅ አይልም። በኋላ ሲጠየቅ «አልሰማሁም» ብሎ እንደሚምል አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጠው።

ለቅሶውን እጠብቃለሁ። እውነት ለመናገር ፈርቻለሁ። ማንም አያለቅስም። ልጅቷ ግንባሯን ቋጥራ ጃርቶን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች።

«መሄድ የፈለግከው አንተ ነህ?»

«እኔማ አልፈለግኩም።»

«እና ማነው ያባረረህ?»

ማዳመጫዋ ጭጭ ትላለች።

ጃርቶ የሚጠቁምበት ጣት የለውም። አንገት ግን አለው። እጄን ቀስ ብዬ ወደ መስታወቱ አዞራለሁ።

ስክሪኗ ላይ ልጅቷ ትዞራለች። ከኋላዋ የተሰለፉትም እየተንጠራሩ ይዞራሉ። ካሜራውም አብሯቸው ይዞራል። መስታወቱ ጀርባ ዳይሬክተሩ ማይክሮፎኑን አፉ ላይ እንደያዘ ቆሟል። ልጅቷ ሄዳ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ትለጥፍና፣ እስኪመልስላት ትጠብቃለች።