ሻይ የማይጠጣው ሰውዬ

ሰውዬው ሱዳን ገዳሪፍ የደረሰው ሰሊጥ መታጨድ በጀመረ ሰሞን ነበር። ስሙ አንዳርጌ እንደሆነ፣ በመተማ በኩል ተሻግሮ እንደመጣና የቀን ሥራ እንደሚፈልግ ተናገረ። የቀን ሥራ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። የወታደር ጫማ አጥልቆ ሥራ የሚፈልግ ሰው ግን ታምሬ አይቶ አያውቅም።

ታምሬ ከጎንደር ቆላ የተሰደደ፣ በሰው እርሻ ላይ አጫጆችን የሚያሠራ፣ ሰው ቶሎ የማያምን ሰው ነው። ያኔ ማንስ ማንን ያምን ነበር? የደርግ ጆሮ ድንበር ተሻግሯል ይባላል። አንድ ስደተኛ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ተወስዶ በማግሥቱ መተማ ታስሮ ታየ ተብሎም ተወርቷል። ማን እንዳየው የሚያውቅ የለም፤ ወሬው ግን ያልገባበት ቤት አልነበረም።

ታምሬ የሚጠብቀው ሰው ባይኖር ኖሮ ያን ጊዜውኑ ሠፈር በቀየረ። አገር ቤት አያቱ ዘንድ የቀረው አንድ ልጁ ጋረደው ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ሰሜን ግንባር ከወረደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ነሐሴ ላይ በሎሪ ሾፌር እጅ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ደረሰች። «እጠፋለሁ። ሰሊጥ ሲታጨድ እደርሳለሁ። ቤት እንዳትቀይሩ» ትላለች።

ባልና ሚስት ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የከዳ ወታደር ከተያዘ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ሚስቱ እናኑ ግን ደስታዋን መደበቅ አልሆነላትም፤ ሦስተኛ የገመድ አልጋ አሠርታ ጥግ ላይ አቆመች።

ማክሰኞ ዕለት አንዳርጌ ቤታቸው መጣ። እናኑ ሻይ ቀዳችለት፤ አልጠጣም። የአገሩን ስስ ቂጣ ኪስራ አቀረበችለት፤ አልቆረሰም።

«በማክሰኞ ምን ጦም አለና ነው?» አለችው።

«በልቼ ነው የመጣሁት እትዬ» አለና ወደ ታምሬ ዞረ። «አያ ታምሬ፣ እዚህ ዘመድ አለህ?»

«ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲያው ነው። በሰው አገር ዘመድ ደግ ነው ብዬ።»

«እኔ እህት አለችኝ» አለች እናኑ። «በለጡ ትባላለች። ቁረይሻ እርሻ ላይ ናት።»

ታምሬ በዓይኑ ገሠጻት፤ አላየችውም።

«ጠዋት ስንት ሰዓት ነው ከቤት የምትወጣው?» አለ አንዳርጌ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«ልጅስ?»

እናኑ አፏን ስትከፍት ታምሬ ቀደማት። «ልጅ የለንም።»

«የለህም?»

«የለኝም አልሁህ እኮ!»

ሰውዬው ጥግ ላይ የቆመውን አዲስ አልጋ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ታምሬ ውሸቱ እንደተያዘበት ገባው።

ረቡዕ ከሰዓት እንደ ልማዱ ወደ አሰጋሽ ሻይ ቤት ሄደ። ሠፈርተኛው እዚያ ተሰብስቦ የአዲስ አበባን ሬዲዮ ይሰማል። በሬዲዮው ጠላት በየቀኑ ይደመሰሳል፤ የተደመሰሰው ጠላት በማግሥቱ እንደገና ይደመሰሳል፤ ሰዉም ይስቃል። የዚያን ዕለት ግን ታምሬ ሲገባ አሰጋሽ ሬዲዮውን ዘጋችው። ወሬው ሁሉ ቆመ። ከመካከላቸው አንዳርጌ ተቀምጧል። እዚያ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ምነው ዘጋሽው?» አላት።

«ባትሪው ደክሞ ነው አያ ታምሬ» አለች አሰጋሽ፣ ቀና ብላ ሳታየው። ለሻዩም አላስከፈለችውም።

ሐሙስ የሎሪ ሾፌሩ አንድ ነገር ነገረው። ያ ባለ ጫማው ሰውዬ ማለዳ ተሳፍሮ ቁረይሻ ወርዷል። የበለጡን ስም የሰጠችው እናኑ ናት፤ አሁን ታምሬ ይህን እንዴት ብሎ ይንገራት?

ዓርብ ደግሞ የእርሻው ባለቤት አደም እስከ ማሳው ድረስ መጣ።

«ወላሂ ታምሬ፣ ነገ አትምጣ» አለው። «ቤትህ ዋል።»

«ሰሊጡ እየረገፈ?»

«ይርገፍ። ቤትህ ዋል ብዬሃለሁ።»

አደም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በአጨዳ ሰሞን ዕረፍት ሰጥቶ አያውቅም። አሁንም ሲናገር ዓይኑ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ታምሬ ነገሩ ሁሉ ገጠመለት። ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ፤ ቤት መገኘቱን አረጋግጠዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። አንዳርጌስ ባዳ ነው፤ ከሱ ምን ይጠበቃል? ያንገበገበው የአሰጋሽና የአደም ነገር ነበር። ክፉና ደጉን አብረውት ያዩ ሰዎች ናቸው።

ሽሽት አማረው። ግን ከቤቱ ቢሸሽ ልጁ መጥቶ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? የሚከፍቱለት እነማን ናቸው? ስለዚህ ለእናኑ ምንም ሳይናገር ፋሱን ስሎ ከበሩ ጀርባ አስደገፈው። ልጄን ከመያዛቸው በፊት እኔን ይግደሉኝ አለ በልቡ።

ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮቴ ሰማ። የአንድ ሰው ኮቴ አልነበረም፤ ብዙ ነው። ከመካከሉ የወታደር ጫማው ተለይቶ ይሰማል። ኮቴው በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ሰው በዝግታ አንኳኳ።

«ማን ነው በዚህ ሰዓት?» አለች እናኑ ከአልጋዋ ቀና ብላ። «ጋረደው ይሆን እንዴ?»

«ዝም በይ» አላት። ፋሱን በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ በግራው መወርወሪያውን ሳበና በሩን በረገደው።

አንዳርጌና አደም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ መላው ሠፈር ከኋላቸው ነው፤ ከሁሉም ፊት በለጡና አሰጋሽ ናቸው፤ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።