የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ከአዲስ አበባ አስመራ አውሮፕላን በረረ ሲባል ላሊበላ እልል አለች። ዓይናዲስ ግን በምትሠራበት ሆቴል የያዘችውን አንሶላ ጥላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት የተዘጋ መንገድ ተከፈተ ሲባል የደነገጠች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ወንድሟ ደባሱ ለግንበኝነት አስመራ የሄደው ጦርነቱ ሳይጀመር ነበር። በ93 ከዚያ የተመለሰ አንድ የብልባላ ሰው ገበያ ላይ አግኝቷት፣ ደባሱ ኅዳር ላይ ታሞ መሞቱን፣ የቀበረውም እሱ ራሱ መሆኑን ነገራት። ለእናቷ ለእማሆይ አመተ ጊዮርጊስ እንዴት ብላ ታርዳቸው? ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። "ደህና ነው አሉ፤ መንገዱ ተዘግቶበት ነው" አለቻቸው።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የዓይናዲስ ግን እያደር ከበዳት። እሷ በተከዘች ቁጥር እማሆይ "አይዞሽ፣ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል" ይሏታል፤ እሷም ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ እማሆይ ስንዴና ጧፍ ይዘው ብቻቸውን ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳሉ። "ልያዝልዎት" ስትል "የስለት ዕቃ ባለቤቱ ነው የሚሸከመው" ብለው ይመልሷታል።

አሁን መንገዱ ተከፈተ።

"ስንት ሰዓት ይፈጃል አሉ?" ብለው ጠየቋት እማሆይ፣ ከሥራ ስትመለስ።

"አሥራ አምስት ሰዓት" አለች፤ አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው። "የትኬቱ ተራም ረጅም ነው።"

አስጎብኚው ጎረቤታቸው የሻው፣ መቼም አፉ አያርፍም፣ በደጃፋቸው ሲያልፍ ሰምቶ ሳቀ።

"ኧረ እማሆይ! ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም እኮ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ! እርስዎ ብልባላ ደርሰው ሳይመለሱ ደባሱ ከች ይላል።"

ዓይናዲስ ክው አለች። እማሆይ ግን ተቆጡ።

"አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ? ዓይናዲስ ሩቅ ነው ካለች ሩቅ ነው።"

እንዲህ ማመናቸው አንጀቷን በላው።

ነሐሴ ላይ እማሆይ ተኙ፤ አልተነሡም። በመጨረሻው ቀን እጇን ይዘው "ደባሱ ሲመጣ ጋቢዬን ስጪው፤ ብርድ አይችልም" አሏት። "እሺ" አለች። በተስፋ ሞቱ፤ ቢያንስ ይህን አደረግሁላቸው ብላ ተጽናናች።

ከቀብሩ በኋላ ነአኩቶ ለአብ ወርዳ የእናቷን የንስሐ አባት አባ ሰይፈ ሥላሴን አገኘቻቸው። ለአርባው ጸሎት የእናቷን ስም ከሰጠች በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት የደበቀችው እንባ ገነፈለባት።

"አባቴ፣ ሌላም ሙት አለኝ። ወንድሜ ነው። እናቴ እንዳይሰሙ ብዬ ፍትሐት እንኳ አላስደረግሁለትም። የክርስትና ስሙ ገብረ መድኅን ነው።"

አባ ሰይፈ ሥላሴ መስቀላቸውን አገላበጡ።

"የገብረ መድኅንንስ ስም እናትሽ ከአስመራ ተመላሽ መርዶውን ከሰሙበት ከ93 ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ስንዴና ጧፍ ይዘው እየመጡ ሲያስጠሩ ነው የኖሩት፤ 'አደራ፣ ዓይናዲስ እንዳትሰማ፣ ይመጣል ብላ ነው የምትኖር' እያሉኝ።"