የሌላ ጣቢያ ሰው

አባቷ የልብ ሕመምተኛ ነው፤ እስኪያገግም ድረስ የልጁ የምንተስኖት መርዶ እንዳይነገረው ዘመድ ተማክሯል። ሁለቱም ልጆቹ እንደ እሱ ፖሊስ ሆነው ነበር። ወንድሟ በሥራ ላይ ከሞተ ወዲህ ባጇ ላይ ጥቁር ሪባን ታስራለች፤ ቤት ከመግባቷ በፊት ግን ደጃፍ ላይ ፈትታ ኪሷ ትከተዋለች።

አንድ ቀን ረሳችው።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አላት አባቷ፣ ከአልጋው ቀና ብሎ።

«የሌላ ጣቢያ ሰው ነው፣ አባዬ።»

«ተቀበረ?»

«አዎ፣ ባለፈው ሳምንት።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ይሠራል? ለሌላ ጣቢያ ሰው ሪባን ከቀብር መልስ ይወልቃል። የእኔ ልጅ ሆነሽ ደንብ ይጥፋሽ?»

«ይቅርታ፣ አባዬ» አለች፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረች። ፊቱ ቆማ ስትፈታው ወንድሟን ዳግመኛ የምትቀብር መሰላት።

«በይ አምጪው፤ የሐዘን ነገር አይጣልም» ብሎ ተቀበላት።

በዚያ ምሽት እንደ ወትሮው «ምንተስኖት አልደወለም?» ብሎ አልጠየቃትም። ደክሞት ይሆናል ብላ ተመስገን አለች።

በማግስቱ ጠዋት መድኃኒቱን ይዛ ስትገባ ዓይኑን ጨፍኖ በዝግታ ይተነፍሳል። ጋቢው ተንሸራትቶ ስለነበር ልታለብሰው ጎንበስ አለች። በግራ ደረቱ፣ በፒጃማው ላይ፣ ጡረታ ሲወጣ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠው አሮጌ ባጁ ተሰክቷል። ጥቁሩ ሪባን በላዩ ላይ እንደ ደንቡ ታስሯል።