ያልሟሟው ቀሚስ

በዚህ ዘመን ልብሳችን ማታ ማታ በገንዳው ውስጥ ይሟሟል፤ ጠዋት ደግሞ ግድግዳው አዲስ ያትምልናል። ቁምሳጥን ያለው ቤት የለም። ባሌ አያልነህ ሲሞት እንደ ወጉ ልብሱን ይዤ ላለቅስ ብፈልግ፣ በቤቱ ውስጥ አንዲት ካናቴራ እንኳ አጣሁ። ለቀስተኛው ፊት ባዶ እጄን አለቀስኩ።

ሐዘኑን እንደጨረስኩ መርፌና ክር ፍለጋ ወጣሁ። ገንዳ ውስጥ የማይገባ አንድ ቀሚስ በእጄ ሠርቼ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀብኝ። ጥልፉ ካላማረኝ እፈታዋለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ።

ዛሬ ለዘመድ ሰርግ ለብሼው ስወጣ ልጄ ትርሲት በሩ ላይ ክው አለች።

"እማዬ! ይሄንን ባለፈው ሳምንት ለብሰሽው አልነበር? ሰው ምን ይላል? ግድግዳው እኮ አሁኑኑ ከዚህ የበለጠ ያትምልሻል!"

"ያትማል። አንቺ ትናንት ምን ለብሰሽ ነበር?"

አሰበች፤ አልመጣላትም።

"ነይ ንኪው" አልኳት።

ጣቷ በጥልፉ ላይ ቀስ እያለ ሄዶ ደረቴ ላይ ቆመ።

"እዚህ ጋ ጠመም ብሏል።"

"አባትሽ ትዝ ብሎኝ መርፌዬ መስመር የሳተ ቀን ነው። እሱን አልፈታሁትም።"

ጎንበስ ብላ ትከሻዬን አሸተተች። "አንቺን አንቺን ይላል" አለች።

"ሰው ምን ይላል አልሽ? የፈለገውን ይበል! እኔ ስሞት አንቺ ባዶ እጅሽን አታለቅሺም።"