በሁለቱ ፎቶዎች መካከል

ድረ ገጽ ሠሪዋ የገጹን አቀማመጥ ከሚያዘው ኮድ፣ ከሲኤስኤስ፣ የመጨረሻዋን መስመር ጽፋ ገጹን እንደገና ከፈተችው። ሳምንቱን ሙሉ ራሷን ያዞራት ነገር በአክስቷ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተስተካክሎ መጣ። ገጹን የምትሠራላቸው የስፌት ቤት ባለቤቶች፣ የአክስቷና የአክስቷ ባል ፎቶዎች፣ በሌላው ሰው ኮምፒውተር ሁሉ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እዚህ ግን፣ ድረ ገጽ በሚከፍተው ጊዜ ያለፈበት ብሮውዘር፣ አንዱ አንዱ ላይ እየወጣ አስቸግሯት ነበር። አሁን በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

«እስቲ እዪው፣ አክስቴ።»

አክስቷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ብዙ አየች። ከዚያ ጣቷን ክፍተቱ ላይ አሳረፈች።

«እኔና እሱ ተኳረፍን እንዴ?»

«ኧረ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ትናንት ትከሻው ትከሻዬ ላይ ነበር። እኔ አስበሽበት መስሎኝ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራሁ አሳይቻለሁ።»

«እኔ የለሁበትም» አለ የአክስቷ ባል፣ ከሚቆርጠው ጨርቅ ቀና ሳይል።

ድረ ገጽ ሠሪዋ ሳቋ አመለጣት። ያን ሁሉ የለፋችበትን መስመር አጠፋችው። ፎቶዎቹ ወዲያው እንደ ልማዳቸው ተጠጉ። ግን በዚህ ኮምፒውተር ብቻ መሆኑ ቅር አላት። ስለዚህ ለአዲሶቹ ብሮውዘሮች ሌላ መስመር ጻፈችላቸው፤ ፎቶዎቹ እንዲደራረቡ የክፍተቱን ልክ ከዜሮ በታች አውርዳ፣ እነሱም ከአሮጌው ስህተት እንዲማሩ። ስልኳን አውጥታ ገጹን ከፈተችና ለአክስቷ አቀበለቻት። ትከሻው እዚያም ትከሻዋ ላይ ነበር።

አክስቷ ስልኩን ይዛ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄደችና ለባሏ አሳየችው። እሱም መቀሱን አስቀምጦ ቀና አለ።

«ታረቅን?» አላት።