አራቱም ይቆያሉ

እጁ ወደ ማጥፊያው ሲሄድ ቀድማው በመዳፏ ከደነችው። ኮምፒውተሩ ጎኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ነው። "አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ እንጂ" አለ ኮምፒውተር ጠጋኙ ወንድሟ፣ በሌላው እጁ መፍቻውን እንደያዘ። "እንዲህ ያለ ፈጣን ራም፣ ይሄ የማስታወሻ ካርድ፣ ሁለት ሲሆን ነው የሚሮጠው። አራት ስትደረድሪበት ቦርዱ አይችለውም። ሁለቱን ላውጣቸው።"

"በሁለቱ ፊልሜ አይከፈትም፤ በዓይንህ አይተሃል።" ስትስለው የከረመችው የካርቱን ፊልም የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሲደርስ ማሽኑ ቀጥ ይል ነበር። ዛሬ ካላስረከበችው ደግሞ ሲኒማ ቤቱ የሌላ ሰው ፊልም ያሳያል። "ገና ሲጨልምብህ ታጠፋዋለህ፣ ከዚያ አልሠራም ትላለህ። እስቲ አንዴ ተወው፣ አራቱን ይላመዳቸው።"

"ኮምፒውተር ነው ወይስ አዲስ ሙሽራ፣ የሚላመደው?" ብሎ እየሳቀ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሊያላቅቅ ሞከረ። በክርኗ ገፋችው። ክንዷ ቢደነዝዝም መዳፏን አላነሳችም።

ስክሪኑ በራ። የአራቱም ራም መጠን ሳይጎድል ተደምሮ ወጣ። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ሲያነብ ቆየና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። "ይኸው! ፍጥነታቸው ወርዷል። የሩጫ ፈረስ ገዝተሽ ጋሪ አስጎተትሽው።"

መዳፏን አነሳች። መፍቻውን ከእጁ ተቀብላ ኪሷ ከተተችና የመጨረሻውን ትዕይንት ከፈተች።

"ይጎትት" አለች። "እኔ ያለብኝ ጭነት ነው እንጂ እሽቅድምድም አይደለም።"